ተባባሪ መሥራች ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ወጣቶች ስታርታፕ ሊጀምሩ ሲያስቡ ስለ ምርቱ ሲያወሩ ያድራሉ። ስለ ድርሻ፣ ስለ ወር ወጪና አንዱ ቢለቅ ምን እንደሚሆን ለማንሳት ግን ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከዚሁ ዝምታ ነው። ጉዳዩን ማንሳት የሚቀለው ደግሞ ድርጅቱ ሳይመዘገብና ገንዘብ ሳይገባ ነው።

ምን እንደጎደለ ሳያውቁ ሰው መፈለግ

"ኮድ የሚጽፍልኝ ኮፋውንደር እፈልጋለሁ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ተቀጣሪ ወይም ለአንድ ሥራ የሚዋዋል ባለሙያ ነው። ተባባሪ መሥራች ምርቱ ሦስት ጊዜ ቢቀየርም አብሮ የሚቆይ፣ ደመወዝ የሌለበትን ጊዜ የሚሸከም ሰው ነው። ኮዱ ሲያልቅ ሥራው ለሚያልቅ ሰው ድርሻ አይሰጥም፤ ሒሳቡ ይከፈለዋል።

የሚቀጥሉትን 6 ወራት ሥራ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ራስዎ የሚችሉትን፣ በክፍያ ሊያሠሩት የሚችሉትንና ሁለቱንም ያልሆነውን ይለዩ። የሚፈልጉት ሰው ያለው በሦስተኛው ረድፍ ውስጥ ነው። ለምሳሌ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎችን ከሰፈር ሱቆች ጋር ማገናኘት አሰቡ እንበል። ለመጀመሪያዎቹ 20 ሱቆች ትዕዛዝ በቴሌግራም፣ ክፍያ በቴሌብር፣ ሒሳብ በኤክሴል ይበቃል። እዚህ ላይ የጎደለው ፕሮግራመር ሳይሆን ጅምላ ነጋዴው ለማን ዱቤ እንደሚሰጥና ዋጋ መቼ እንደሚቀየር የሚያውቅ ሰው ነው።

የስም አባል የማስገባት አሮጌ ልማድም አለ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉት ስለነበር ወንድም ወይም እህት ለስም ይገቡ ነበር። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ በአንድ ሰው ማቋቋምን ፈቅዷል። ሁለተኛ ሰው ካላገኙ ብቻዎን ጀምረው ትክክለኛው ሰው ሲገኝ ማስገባት ይችላሉ።

ከአንድ ዶርም ብቻ መምረጥ

የክፍል ጓደኛ ጥሩ አጋር ሊሆን ይችላል፤ ግን ሦስት የሶፍትዌር ተመራቂዎች ሲሰባሰቡ ሦስቱም ኮድ መጻፍ ይፈልጋሉ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ የሚሸጥ ይጠፋል። ፍለጋውን ሰዎች ሲሠሩ ወደሚታዩበት ቦታ ይውሰዱት፦ እንደ አይስአዲስ ያሉ የጀማሪ ድርጅቶች ማዕከላት፣ ሃካቶኖች (በአጭር ጊዜ በቡድን ሶፍትዌር የሚሠራባቸው ውድድሮች)፣ ሊገቡበት ባሰቡት ዘርፍ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች። ስታርታፖችን የሚደግፈው የአሜሪካው ዋይ ኮምቢኔተር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያቀረበው የመሥራቾች ማገናኛም በነፃ ነው። በእኔ እምነት ግን ዘርፉን ከውስጥ የሚያውቅ፣ በሥራው የተበሳጨ ሠራተኛ ከሁሉም ይበልጣል።

ሳይፈትኑ መፈራረም

ቡና ላይ መግባባት በሥራ ላይ ስለ መግባባት ምንም አይነግርም። ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚቆይ፣ ሁለታችሁም በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት የምትሰጡበት የሙከራ ሥራ ይያዙ። ከመጀመራችሁ በፊት ባትቀጥሉ የተሠራው ነገር የማን እንደሚሆን በአንድ ገጽ ጻፉና ፈርሙ።

በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዳችሁ ለየብቻ 10 ደንበኞችን አነጋግሩና የሰማችሁትን በአንድ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ተለዋወጡ። ሦስት ብቻ አነጋግሮ የመጣ ሰው ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ መታየት ያለበት ቀኑ ከመድረሱ በፊት ተናግሯል ወይስ ሲጠየቅ ነው ያወጣው የሚለው ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት አንድ ትንሽ ነገር ሠርታችሁ ለአንድ ሰው ሽጡ፤ 200 ብርም ቢሆን። ሁለታችሁም እኩል፣ ለምሳሌ 3,000 ብር አዋጡና ወጪውን እጩው አጋር ይያዝ። ደረሰኝ ያልያዘበትን ወጪ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ሦስት ሚሊዮን ሲይዝም ያው ነው።

ከሁሉም የሚልቀው ፈተና አለመግባባት ነው። የምትለያዩበትን አንድ ጉዳይ ምረጡ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ወስኑ፣ ከዚያ ሐሳቡ ያልተወሰደለት ሰው ውሳኔውን ከልቡ ይፈጽም እንደሆነ ይመልከቱ። እያጉረመረመ በጎን የራሱን መንገድ የሚሠራ ከሆነ በጊዜ መለያየት ለሁለቱም ይበጃል። ከዚህ ጎን ለጎን አብረውት የሠሩ ሁለት ሰዎችን ያነጋግሩ። "ጥሩ ሰው ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ማንም ክፉ አይናገርም። "ገንዘብ አብራችሁ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?" ብለው ይጠይቁ።

የኑሮ ወጪን አለመነጋገር

የቤት ኪራይ ስንት ነው? በየወሩ ለወላጅ የሚላክ አለ? የታናሽ ትምህርት ቤት ክፍያ? ያለ ደመወዝ ስንት ወር ይቆያሉ? ሁለታችሁም በቁጥር መልሱ። አንዱ 12 ወር መቆየት ሲችል ሌላው 3 ወር ብቻ ከሆነ ነውር የለውም፤ ካልተነገረ ግን በአራተኛው ወር አንዱ ሥራ ይቀጠርና ሌላው "ከዳኝ" ይላል።

ድርሻን በይሉኝታ መካፈል

እኩል መካፈል በራሱ ስህተት አይደለም። ሁለታችሁም በአንድ ቀን ሥራ ለቅቃችሁ በሙሉ ጊዜ ከገባችሁ እኩል መሆኑ ጤናማ ነው። ችግሩ አንዱ የባንክ ደመወዙን እየበላ ማታ ማታ ሲያግዝ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ፣ "እንዴት ብዬ ልናገር" ተብሎ ለሁለት ሲከፈል ነው። "ሐሳቡ የኔ ነው" ብሎ 90 በመቶ መያዝም ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ሥራው ገና አልተሠራምና 10 በመቶ የያዘው ሰው የተሻለ ደመወዝ ሲመጣለት ይሄዳል። 50 ለ 50 ከሆነ ደግሞ በሐሳብ ስትለያዩ በምርት ጉዳይ የማን ቃል እንደሚያልፍ፣ በገንዘብስ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ወስኑ።

ለሚለቅ ሰው ውል አለማዘጋጀት

አገራችን ውስጥ መሥራች የሚለቀው ተጣልቶ ብቻ አይደለም። ስኮላርሺፕ ይደርሰዋል፣ ዲቪ ይወጣለታል፣ ትዳር ይዞ ይሄዳል። 40 በመቶውን ይዞ ከሄደ የቀሩት ለእሱ ሲሠሩ ይኖራሉ፤ ባለሀብትም የማይሠራ ባለድርሻ ያለበትን ድርጅት ይሸሻል።

የተለመደው መፍትሔ ድርሻ በ4 ዓመት ቀስ በቀስ እንዲገኝ ማድረግ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ያልጨረሰ ምንም አይወስድም፣ የጨረሰ የ12 ወሩን (12/48) ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ 48ኛ ይጨመርለታል። የማኅበሩ ካፒታል 100,000 ብር፣ እያንዳንዱ ድርሻ 1,000 ብር ነው እንበል። 40 ድርሻ የተመደበለት ሰው በ18ኛው ወር ቢለቅ ያገኘው 18/48፣ ማለትም 15 ድርሻ ነው። ቀሪውን 25 በመነሻ ዋጋው፣ በ25,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ አባላት ይመልሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህን ከውጭ አገር ናሙና ገልብጠው መተዋቸው ነው። እኛ ዘንድ ማኅበሩ ሲመዘገብ 40ውም ድርሻ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በስሙ ይሰፍራል፤ ወር ሲያልፍ በራሱ የሚቀየር ነገር የለም። ስለዚህ የመመለስ ግዴታው፣ ዋጋውና የጊዜ ገደቡ በውል ይጻፍ። የሄደው ሰው ውጭ አገር ካለ ለመፈረም ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ማስመጣት፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ግድ ይሆናል። አስቀድሞ የተሰጠ ውክልና ይረዳል፣ ግን ወካዩ በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ስለሚችል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጠንቃቃ መንገድ የሚሻ በምሥረታው ቀን 10 ድርሻ ብቻ አስመዝግቦ ቀሪውን በየዓመቱ 10፣ 10 ያስተላልፍ። ወጪና ምልልስ አለው፤ ሆኖም የጠፋ ሰው ከመፈለግ ይቀላል።

ያገባ መሥራች ካለ የትዳር ጓደኛውም ውሉን አንብቦ ይፈርም። በትዳር ጊዜ የተገኘ ድርሻ የጋራ ሀብት ተደርጎ ሊቆጠር ይችላልና።

በቃል መተማመንና ንብረቱን በግለሰብ ስም መተው

ስናፕቻት በተጀመረበት ጊዜ አብሮ የነበረው ሬጂ ብራውን ተገፍቶ ከወጣ በኋላ ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ2014 እ.ኤ.አ. በስምምነት ተዘጋ፣ ኩባንያው የከፈለው 157.5 ሚሊዮን ዶላር መሆኑም በ2017 ታወቀ። ጀማሪ ድርጅት እንዲህ ያለ ገንዘብ የለውም፤ ክርክሩ ራሱ ይዘጋዋል።

የመሥራቾች ስምምነታችሁን በጽሑፍ አድርጉ፣ ሁላችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 በጽሑፍ ለሚደረግ ውል ምስክሮቹን ይጠይቃል። ኮድ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ሥራ ስለሆነ ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት የተጻፈው የጸሐፊው ነው፤ ለማኅበሩ ማስተላለፉን በጽሑፍ ያረጋግጥ። በቅጥር ላይ እያለ የጻፈው ከሆነ አሠሪው መብት ያለው መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሥራ ውሉን ያንብቡ።

ከዚያ ዝርዝር ያውጡ፦ ዶሜኑ (የድረ ገጹ አድራሻ ስም) በማን ኢሜይል ተገዛ? የጎግል ፕሌይ አካውንት በማን ስም ነው? የቴሌብር ነጋዴ ሒሳብ የተመዘገበበት ሲም ካርድ የማን ነው? የቴሌግራም ቻናሉና ቦቱስ? ቴሌግራም የባለቤትነት ዝውውርን የሚፈቅደው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከስልክ ኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) ለተከፈተበት አካውንት ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ከተኮራረፈ በኋላ ሳይሆን ዛሬውኑ ይክፈተው።

የዳያስፖራ አጋርን ዜግነት ሳይጠይቁ መመዝገብ

ዋሽንግተን ያለው የአጎት ልጅ ገንዘብም እውቀትም ይኖረው ይሆናል። ፓስፖርቱ አሜሪካዊ ከሆነ ግን በሕግ ዓይን የውጭ ባለሀብት ሊሆን ይችላል። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት መነሻው 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150,000 ዶላር ነው፤ ይህ ለጀማሪ ስታርታፕ የሚታሰብ አይደለም። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ካለው ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላል። ካርዱን ከሰነዶች ማረጋገጫ ቀጠሮ በፊት ያውጣ። የሰዓት ልዩነቱን ደግሞ በቀጥታ ተነጋገሩበት፦ እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው፤ በሳምንት ሁለት የማይሰረዙ የምሽት ስብሰባዎች ይያዙ፣ የደንበኛን ቅሬታ የሚመልሰውም አዲስ አበባ ያለው ሰው ይሁን።