በጣና ዳርቻ በመኪና እያደሩ ማንነታቸው ያልታወቁ የሰማይ ብርሃኖችን እንዴት መከታተል ይቻላል?

በተለምዶ «ዩፎ» የሚባሉትን ማንነታቸው ያልታወቀ በራሪ አካላት መከታተል የሚፈልግ ሰው ከቤቱ ሰገነት ይልቅ መኪና ይጠቅመዋል፤ አንድን ብርሃን ከአንድ ቦታ ብቻ ያየ ሰው ርቀቱን ማወቅ አይችልምና። ጣና ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በደቡብ ዳርቻው ካለችው ባሕር ዳር እስከ ሰሜኑ ጎርጎራ ድረስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ፣ መካከሉም አብዛኛው ውኃ በመሆኑ የሰማዩን ግርጌ የሚጋርድ ነገር ጥቂት ነው። ከመነሳትዎ በፊት ግን ሥራው በዋናነት ማጣራት መሆኑን ይወቁ። የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1952 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ባካሄደው «ፕሮጀክት ብሉ ቡክ» ከተመዘገቡት 12,618 ጥቆማዎች ውስጥ ሳይለዩ የቀሩት 701 ብቻ ነበሩ፤ ከሌሎቹ አብዛኞቹ ኮከብ፣ አውሮፕላን፣ ፊኛና የመሳሰሉት ሆነው ተገኝተዋል።

በመጀመሪያ መኪናውን ያዘጋጁ። በውጭ አገር አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት የመንገደኛ መኪና አለ፤ በእኛ ዘንድ «የቤት መኪና» ማለት የግል አውቶሞቢል ስለሆነ ስሙን መተርጎም እንኳ ያደናግራል። በቂው ነገር አንድ ሚኒባስ ነው። የኋላ ወንበሮቹን አንስተው በጣውላ ርብራብ ላይ ስፖንጅ ፍራሽ ያንጥፉ፤ ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎ ሲቀርብ ጥያቄ እንዳያስነሳ ወንበሮቹ ተመልሰው የሚገጠሙ ይሁኑ። ውኃ በጀሪካን፣ አጎበር፣ ጋቢ፣ እንዲሁም ስልክ መሙያ የሚሆን ከሞተር ማስነሻው የተለየ ባትሪ ይያዙ። የእጅ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ይሸፍኑት፤ ዓይን ጨለማውን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈልግ ሲሆን አንድ ነጭ ብርሃን ይህን ሁሉ ትዕግሥት በቅጽበት ያበላሸዋል። ሌሊቱ በቀዘቀዘ ጊዜ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኪናው ማስገባት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈቃድና ደኅንነት ነው፤ እኔ ከመሣሪያ ሁሉ አስቀድማለሁ። ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ ሰዓት እላፊ በዚያው ሰሞን ከአካባቢው ሰው ሳይጠይቁ አይነሱ። በሌሊት መነጽርና ባለሦስት እግር ካሜራ ይዞ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ማንንም ያጠራጥራል፤ ስለዚህ መታወቂያ ይዘው በቀን ወደ ቀበሌው ይሂዱ፣ የሚያድሩበትንም ቦታ ያሳውቁ። ከአውሮፕላን ማረፊያ፣ ከድልድይና ከወታደራዊ ስፍራ ይራቁ። ድሮን የራሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ እቤት ይቅር። ከገበሬው መሬት ላይ ከማቆምዎ በፊት ባለቤቱን «ጋሼ፣ እዚህ ብናድር ይፈቅዱልናል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከፈቀዱልዎ ሌሊቱን ሙሉ ጠባቂ አገኙ ማለት ነው።

ቦታ ሲመርጡ የከተማው መብራት ከጀርባዎ እንዲሆን ያድርጉ። ከወረታ ወዲህ ያለው የፎገራ ሜዳ አድማሱ ሰፊ ነው፣ በክረምት ግን ውኃ ይተኛበታል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ይሻላል። ከውኃው ጠርዝ ላይ አያቁሙ፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ በሌሊት ለግጦሽ ይወጣል።

ሲመሽ መጀመሪያ ሰሜንን ይፈልጉ። በባሕር ዳር ዳርቻ ቆመው ፊትዎን ወደ ሐይቁ ሲያዞሩና እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው ሲጨብጡ፣ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ከአንድ ጭብጥ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የኮከቡ ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ካለው ርቀት በዲግሪ) ጋር እኩል ያህል ነው፤ የባሕር ዳር ኬክሮስ ደግሞ 11.6 ዲግሪ ነውና። ከዚህ በኋላ የሚያዩትን ሁሉ በዚሁ ጭብጥ ይለኩ፤ «በጣም ትልቅ ነበር» ከሚል ማስታወሻ «ከምዕራብ አንድ ጭብጥ ወደ ሰሜን፣ ሁለት ጭብጥ ከፍታ» የሚል ይበልጣል።

ከዚያ ማጣራት ይጀምራል። የቆመ መስሎ ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ የሚወርድ ደማቅ ነጭ ብርሃን ብዙውን ጊዜ ቬነስ ነው፤ በንጋት ስንት ትውልድ የአጥቢያ ኮከብ ብሎ የጠራው እርሱው ነው። ሳያብለጨልጭ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በጥቂት ደቂቃ ሰማዩን የሚያቋርጥ ነጥብ ሳተላይት ወይም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ መሃል ሰማይ ላይ ድንገት ቢጠፋ ወደ ምድር ጥላ ገብቶ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰልፍ የሚሄዱ ብርሃኖች ካዩ ደግሞ አዲስ የተመጠቁ የስታርሊንክ ሳተላይቶች መሆናቸውን ያስቡ። አሳሳቹ አውሮፕላን ነው፦ በቀጥታ ወደ እርስዎ ሲመጣ የማረፊያ መብራቱ ከውኃው በላይ ለደቂቃዎች የቆመ ይመስላል፣ ሲታጠፍ ግን ቀይና አረንጓዴ መብራቶቹ ይገለጣሉ። በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት የጀሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች ስለሚበዙ ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ናቸው።

ሁለት መኪና ካላችሁ አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው ጎርጎራ ይደር። ብርሃኑ ለሁለታችሁም በዚያው ኮከብ አጠገብ ከታየ እጅግ ሩቅ ነው። አናት ላይ ያለፈ የጠፈር ጣቢያ በሁለቱ ቦታዎች መካከል አንድ ጭብጥ ያህል ይለያያል። ለባሕር ዳሩ በሰሜን፣ ለጎርጎራው በደቡብ ከታየ ግን በመካከላችሁ፣ ከሐይቁ በላይ ነው፤ ሊጠና የሚገባው ይህ ነው። በስልክ እየተደዋወላችሁ በአንድ ቅጽበት መመዝገብ አትርሱ።

ሰዓት አመዘጋገብ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ «ከምሽቱ 1:20፣ ደማቅ፣ ድምፅ የለውም» ብዬ ጻፍሁ፤ ሳተላይቶች መቼ እንደሚያልፉ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ከፍቼ 1:20 ላይ ምንም ባጣ ጊዜ እንቆቅልሽ አገኘሁ ብዬ ለወዳጆቼ ሁሉ ነገርሁ። ሰንጠረዡ በዓለም አቀፍ ሰዓት የተዘጋጀ ነበርና በ16:20 ላይ የጠፈር ጣቢያው ተጽፎ ይጠብቀኝ ነበር። ምሽት 1:20 በስልክ 19:20፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 16:20 ነው፤ ሦስቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ፣ ቀኑንም እንዲሁ በሁለቱም አቆጣጠር።

ሲነጋ ወዲያው አይንቀሳቀሱ። ሌሊት በቆሙበት ቦታ ቆመው አድማሱን በእርሳስ ይንደፉ፦ ዛፉን፣ ኮረብታውን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ የሌሊቱን ብርሃን አቅጣጫም ምልክት ያድርጉ። በጎርጎራ ሁለት ሌሊት ያስጨነቀኝ፣ ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ የሚበራና የሚጠፋ ቀይ ነጥብ፣ በሦስተኛው ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ የኔትወርክ ማማ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልተለየ ከቀረ፣ ከጎኑ «አልተለየም» ብለው ይጻፉና በሚቀጥለው ምሽት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ መኪናዎን መልሰው ያቁሙ።