አዲሱ ቨርዥን ከመውጣቱ በፊት፦ የድሮ ቨርቹዋል ማሽኖች እንዳይበላሹ እንዴት እንፈትሽ?

ደሴ ቁጭ ብላችሁ ኮምቦልቻ ያለ የአንድ ፋብሪካ ሰርቨር በሪሞት ታስተዳድራላችሁ እንበል። ሰርቨሩ ላይ የሂሳብ ሶፍትዌር የተጫነበት የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተመሰለ ኮምፒውተር፣ አለ። ማታ ይህን ማሽን የሚያስኬደውን ሶፍትዌር፣ ኪውኤምዩን፣ ወደ አዲስ ቨርዥን አሳደጋችሁ። ማሽኑ ተነሳ፣ አይፒው (የኔትወርክ አድራሻው) ግን የለም። ወደ ሆስቱ፣ ማለትም ማሽኑን ወደተሸከመው ሰርቨር፣ የምትገቡበት ሌላ መንገድ ካላዘጋጃችሁ ጠዋት ሚኒባስ ይዛችሁ ሐረጎን መውረዳችሁ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በእውን ደርሷል። ኪውኤምዩ የኮምፒውተር ሃርድዌርን አስመስሎ የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የወጣው 5.2 የዋናውን ፒሲአይ ባስ (እንደ ኔትወርክ ካርድ ያሉ መሣሪያዎች የሚገናኙበት መስመር) መለያ ቁጥር ከ1 ወደ 0 ቀየረ። ለውጡ የገባው ስህተት ለማረም ነበር። ዊንዶውስ ግን ቁጥሩ ሲቀየር የኔትወርክ ካርዱን እንደ አዲስ ቆጠረው፣ በእጅ የተሞላው አይፒም ጠፋ። አይፒ በዲኤችሲፒ፣ ማለትም ከኔትወርኩ በራሱ፣ የሚያገኙት ማሽኖች ምንም አልሆኑም። መፍትሔው የመጣው በሚቀጥለው ቨርዥን፣ በ6.0 ነው፤ 5.1 እና ከዚያ በታች ለሆኑ የማሽን ዓይነቶች (ኪውኤምዩ የየቨርዥኑን ሃርድዌር ባህርይ የሚይዝባቸው ስሞች) ቁጥሩ ወደ 1 ተመለሰ። ለ5.2 ግን 0 እንደሆነ ቀረ። ቨርዥኑ አንዴ ወጥቷል፣ በእሱ ላይ የተጫኑ ማሽኖች 0ን ለምደዋል። መልሶ መቀየር እነሱን መስበር ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከመውጣቱ በፊት መሆን አለበት የምለው በሙሉ ልቤ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

መጀመሪያ የድሮ ማሽኖችን አሰባስቡ። አዲስ የተጫነ ኡቡንቱ ብቻ መሞከር ብዙም አይጠቅምም፤ እሱ የሚያስታውሰው የቀድሞ ነገር የለም። የሚያስፈልጋችሁ ከዓመታት በፊት የተጫነ ዊንዶውስ፣ በእጅ የተሞላ አይፒ ያለው፣ አንድ አሮጌ ሊኑክስ እና የቆየ የቨርትአይኦ (ለቨርቹዋል ማሽን የተሠሩ መሣሪያዎች) ድራይቨር የተጫነበት ማሽን ነው። ትልልቅ ፋይሎችን ኔት በሚፈጥንበት ሰዓት አውርዳችሁ አስቀምጡ። ኦሪጅናሉን ዲስክ አትንኩት። በላዩ ላይ ለውጡን ብቻ የሚይዝ ሌላ የዲስክ ፋይል ደርባችሁ ሞክሩ፣ ሲጨርስ የተደረበውን ጣሉት። አለበለዚያ ሁለተኛው ሙከራ በመጀመሪያው የተበከለ ይሆናል።

ቀጥሎ በአሁኑ፣ ማለትም በወጣውና በሚሠራው ቨርዥን፣ ማሽኑን አስነሱና ያለውን መዝግቡ፦ የኔትወርክ ካርዱ ስም፣ አይፒው፣ የየመሣሪያው የፒሲአይ አድራሻ፣ የድራይቨሩ ቨርዥን። በዊንዶውስ ከዲቫይስ ማኔጀር ላይ ፎቶ ማንሳትም ይበቃል፤ አይፒው ግን እዚያ ስለማይታይ ለብቻው ጻፉት። ይህ መዝገብ ከሌለ በኋላ «ድሮም እንዲህ ነበር እኮ» የሚል ክርክር ይነሳል።

አሁን የሙከራ ቨርዥኑን አምጡ። ዋናው ቨርዥን ከመውጣቱ በፊት በየሳምንቱ ገደማ የሙከራ እትም ይለቀቃል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የማሽኑን ዓይነት ከነቁጥሩ ጻፉ። ዝም ብሎ «ኪው35» (አንዱ የማሽን ዓይነት ነው) ማለት ሁልጊዜ የአዲሱን ቨርዥን ማሽን ያመጣል። «ፒሲ-ኪው35-5.1» ስትሉ ግን አዲሱ ኪውኤምዩ የ5.1ን ባህርይ ይዞ እንዲነሳ እያዘዛችሁት ነው። ሁለተኛ፣ ማሽኑን ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም። የኪውኤምዩ ፕሮሰስ ያው የድሮው ነውና ምንም አልተፈተነም። ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ በአዲሱ አስነሱት።

ከተነሳ በኋላ መዝገቡን አውጥታችሁ አነጻጽሩ። ከዚያ እየሠራ ያለውን ማሽን ከድሮው ኪውኤምዩ ወደ አዲሱ፣ ከአዲሱም ወደ ድሮው ሳታጠፉ አዛውሩት። ብዙ ሰው የመመለሻውን ይዘለዋል። አንድ መሣሪያ አዲስ መረጃ መላክ ከጀመረ ድሮው አይገባውምና ዝውውሩ ይቋረጣል። ኪውኤምዩ የየመሣሪያውን የመረጃ ዝርዝር ወደ ፋይል የማውጣት አማራጭ አለው። የድሮውንና የአዲሱን ፋይል የሚያነጻጽር የፓይተን ስክሪፕትም ከሶርስ ኮዱ ጋር ይመጣል። ማሽን ሳታስነሱ ብዙ ያሳያችኋል።

ልዩነት ስታገኙ ቶሎ ወደ ኮዱ አትግቡ። በአንድ ዓይነት ትዕዛዝ፣ በአንድ ዓይነት ዲስክ፣ በሁለቱም ቨርዥን ደግማችሁ ሞክሩ። በድሮው ሠርቶ በአዲሱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ያለቀለት ነው። ያን ጊዜ ጊት ባይሴክት፣ ማለትም ችግሩን ያመጣውን የኮድ ለውጥ የሚፈልግ የጊት ትዕዛዝ፣ ይሥራላችሁ። የሚሠራውንና የማይሠራውን ቨርዥን ስትነግሩት መሐሉን እየቆረጠ ይፈልጋል፤ 1000 ለውጥ ቢኖር በ10 ሙከራ ገደማ ጥፋተኛውን ያገኛል። ሙከራውን ስክሪፕት ካደረጋችሁት ብቻውን ይሮጣል። ስክሪፕቱ ሲሳካ 0፣ ሲበላሽ 1፣ ኮዱ ኮምፓይል ካላደረገ 125 ይመልስ፤ 125 «ይህን እለፈው» ማለት ነው። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋም አትደንግጡ። የደረሰበት ዲስክ ላይ ተጽፏል፣ ሲመጣ ትቀጥላላችሁ።

ጥፋተኛው ለውጥ ከታወቀ በኋላ ያለው ውሳኔ ነው ከባዱ። ቨርዥኑ ሊወጣ ጥቂት ቀን ከቀረውና ለውጡ የግድ የማያስፈልግ ከሆነ ለውጡን ከኮዱ አስወግዱት፤ ለሚቀጥለው ይደርሳል። አስፈላጊ ከሆነ ደግሞ ለውጡን በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ አስሩት፦ ለአዲሱ የማሽን ዓይነት ይብራ፣ ለድሮዎቹ ይጥፋ። ኪውኤምዩ ውስጥ ለየቨርዥኑ እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች አሉ፣ የእናንተም እዚያ ይገባል። በችኮላ ሦስተኛ ባህርይ መፍጠር ግን አይሁን። ከድሮውም ከአዲሱም የማይመሳሰል ማሽን ይወለዳል፣ ቨርዥኑ ከወጣ ደግሞ ለዓመታት አብሮን ይኖራል።

እርማቱ ሲገባ የድሮውን ማሽን ብቻ ሳይሆን አዲሱንም ዓይነት እንደገና አስነሱ። ማብሪያ ማጥፊያው ተገላቢጦሽ መግባቱ የተለመደ ነው።

ኮዱን ራሳችሁ ማረም ካልቻላችሁም ሪፖርታችሁ ብቻ ትልቅ ሥራ ነው። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ከሆናችሁ ለነፃ ሶፍትዌር አስተዋጽኦ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ሙሉውን የማስነሻ ትዕዛዝ፣ ሁለቱን ቨርዥኖች፣ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምን እንደሆነ፣ ባይሴክት ያገኘውን ለውጥ ጻፉ። በመጀመሪያው የሙከራ እትም ላይ ላኩት። በመጨረሻው ላይ ከሆነ ለማየትም ለማረምም ጊዜ አይኖርም።