በእንክብካቤ መኖሪያ ቤት የሌሊት ፈረቃ አሠራር

ርክክብ ሲደረግ ማን እንዳልበላ፣ ማን እንደወደቀና የማን መድኃኒት እንደተቀየረ በየስማቸው ጠይቀው ሳይጽፉ የቀኑን ተረኛ አያሰናብቱ። ለቅኝት ወደ መኝታ ክፍል ሲገቡ የእጅ ባትሪዎን ወደ ወለሉ አዙረው፣ የነዋሪው ደረት ከፍና ዝቅ ሲል በዓይንዎ አይተው ይውጡ። ራሳቸውን መገላበጥ የማይችሉትን በእንክብካቤ ዕቅዳቸው በተጻፈው ሰዓት ጎናቸውን ይቀይሩላቸው፤ ተረከዛቸው ቀልቶ በጣት ሲጫኑት መቅላቱ የማይጠፋ ከሆነ የአልጋ ቁስል ጅማሬ ነውና ወዲያውኑ ለነርስ ያሳውቁ።

የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት በውድቅት ሌሊት ተነሥተው «ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሊመጡ ነው፣ ልሂድ» ቢሉዎት፣ ልጆቻቸው ካደጉ ዓመታት ማለፋቸውን ለማስረዳት አይሞክሩ። አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ልጆቹ ይጠይቋቸው፤ እግረ መንገድዎንም በርዷቸው፣ አሟቸው ወይም ሽንታቸው መጥቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከሌሊት ሥራ ሁሉ ከባዱም ክቡሩም ይህ ትዕግሥት ይመስለኛል። ግራ መጋባቱ በድንገት የጀመረ ከሆነ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ያሳውቁ።

የሠሩትን በሠሩበት ሰዓት ይመዝግቡ፤ ያላዩትን ነዋሪ «ተኝቷል» ብሎ መጻፍ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ሰውነት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅግ ስለሚዝል፣ መንቀሳቀስ የሚጠይቁ ሥራዎችን ለዚያ ያቆዩ። ቡና ከመኝታዎ 6 ሰዓት ቀደም ብለው ያቁሙ፤ ቤት ሲደርሱም መጋረጃውን ዘግተው፣ ስልክዎን አጥፍተው ይተኙ።