የሌላ ብራንድ ማርሚታ ሞተር ላይ ሲገጠም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማርሚታ (የሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ ላይ ያለው የድምፅ ማፈኛ) ብዙ ጊዜ የሚቀየረው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ የድሮው ዝጎ ተበስቷል፣ ወይ ባለቤቱ የተለየ ድምፅ ፈልጓል። ጅማ ላይ የማየው የመጀመሪያውን ነው። የዝናቡ ወቅት ረጅም ነው፣ የዴዶና የሰቃ መንገድ ጭቃና ድንጋይ አያጣውም፣ ሞተሩም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ይውላል። ኦሪጅናሉ ሲወደድ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሲዘገይ፣ ሰው ያገኘውን የሌላ ሞተር ማርሚታ ያስገጥማል። ይህ በራሱ ጥፋት የለውም። በደንብ የተገጠመ የሌላ ብራንድ ማርሚታ ለዓመታት ያገለግላል። የሚበላሸው ነገር የሚበላሸው ማርሚታ የድምፅ ዕቃ ብቻ ሲመስለን ነው። ማርሚታ የኢንጂኑ አንድ ክፍል ነው፤ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተርና ከቫልቮቹ ጋር አብሮ ይሠራል።

ሳይለኩ መግዛት

"ያንተም 150 ነው፣ ይሄም የ150 ነው፣ ይገባል።" መርካቶም ሆነ አጂፕ አካባቢ ዕቃ ስትጠይቁ ይህን ትሰማላችሁ። ሲሲ (የኢንጂኑ መጠን) ግን ስለ ቱቦ ውፍረት ምንም አይነግራችሁም። የሁለት ፋብሪካ 150 ሞተሮች ቱቦ በሚሊሜትሮች ሊለያይ ይችላል። ማርሚታ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ብዙ ነው።

የሚለካው የሞተራችሁ ቱቦ የውጭ ስፋትና የማርሚታው አፍ የውስጥ ስፋት ነው። በካሊፐር ከሆነ ሁለት ቦታ ለኩ፣ ያገለገለ ቱቦ ብዙ ጊዜ ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ይሆናልና። ካሊፐር ከሌለ ቀጭን ወረቀት ቱቦው ላይ ጠምጥሙ፣ የተገናኘበትን ምልክት አድርጉ፣ ርዝመቱን ለ3.14 አካፍሉ። ስፋቱን ታገኛላችሁ። ግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት በፋሼታ (ቱቦ በሚያጠብቅ ማሰሪያ) ይጠብቃል። ከዚያ ከበለጠ ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ መሃል የሚገባ የብረት ቀለበት አስቆርጡ። ለሁሉም ይሆናሉ ተብለው ከሚሸጡት ማርሚታዎች ብዙዎቹ አፋቸው 51 ሚሊሜትር ነው፤ የእኛ ትናንሽ ሞተሮች ቱቦ ከዚያ በጣም ይቀጥናል። ልዩነቱን በቆርቆሮ ጠምጥሞ መሙላት የተለመደ ነው። ግን ቆርቆሮው ይቃጠላል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ማርሚታውም መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

በዚያው ማርሚታው የሚታሰርበት ጆሮ የት እንዳለ እዩ። ርዝመቱንም ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ። ላዩ ላይ የተለጠፈው የትልቅ ኩባንያ ስም ውሳኔያችሁን እንዳይመራው። ብየዳውንና የላሜራውን ውፍረት ተመልከቱ፣ በእጃችሁም መዝኑት።

የቱ ስትሮክንና የፎር ስትሮክን ማደባለቅ

ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥል የድሮ ያማሃ ዲቲ 125 ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። የቱ ስትሮክ ቱቦ መሃሉ ላይ እንደ ሆድ ይወፍራል። ያ ሆድ ለጌጥ አልተሠራም። ከኢንጂኑ የወጣው የግፊት ሞገድ እዚያ ውስጥ ተመትቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚንና አየር ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። የሆዱ ርዝመትና ስፋት የተሰላው ለዚያው ኢንጂን ነው። ቆርጣችሁ በቀጥታ ቱቦና በፎር ስትሮክ ማርሚታ ብትተኩት ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይጎትትም። መቀየር የሚቻለው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን ማርሚታ ነው። እሷም ብዙ ጊዜ የታፈነችው በዘይት ጥላሸት ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ፈታችሁ አጽዷት።

ኦሪጅናሉን ቶሎ መቁረጥ

ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ከቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) የሚወጣው ቱቦና ማርሚታው አንድ ላይ የተበየዱ ናቸው። ስለዚህ የሌላ ብራንድ ለመግጠም የግድ መቆረጥ አለበት። ግራይንደር ከተነሳ በኋላ ደግሞ መመለስ የለም።

መጀመሪያ አዲሱን ማርሚታ በሽቦ ቦታው ላይ አንጠልጥሉት። ከኋላ እዩት፣ ከጎን እዩት፣ ሰው አስቀምጣችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ ነው መስመሩ የሚሰመረው። ቆረጣው ኩርባ ላይ አይሁን፤ ማርሚታው የሚገባበት ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ ይቅር። የተቆረጠውንም የድሮ ማርሚታ ከነቁራጩ አስቀምጡት። አዲሱ ካልተስማማ ተመልሶ ይበየዳል። ሞተሩን ስትሸጡም ገዢው ይጠይቃችኋል። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጋ የተመሳሳይ ሞተር ቱቦ ካገኛችሁ ደግሞ የራሳችሁን ሳትነኩ እሱን ቁረጡ። ከሁሉም የምወደው ይህንን መንገድ ነው።

ሞተሩ ላይ እንዳለ መበየድ

"ለምን ይፈታል ወንድሜ፣ እዚያው ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጌልህ ትሄዳለህ።" በያጁ ይህን የሚለው ጊዜህን ሊቆጥብልህ ብሎ ነው። ግን ያ ኤሌክትሪክ በሞተሩ አካል ውስጥ ያልፋል። ሲዲአዩን (የካንዴላውን ብልጭታ የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ሊያቃጥል ይችላል፣ በጎማ ኩሽኔታ ውስጥ ካለፈም ኩሽኔታውን ያበላሻል። ከላይ ደግሞ የቤንዚን ታንክ አለ። ማርሚታው በልኩ ይያዝ፣ ቱቦውና ማርሚታው የሚገናኙበት ቦታ በሁለቱም ላይ ይጫር፣ ከዚያ ተፈትቶ መሬት ላይ ይበየድ። የግድ አንድ ሁለት ነጥብ ላዩ ላይ ይያዝ ከተባለ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ታንኩን አውርዱ፣ የመበየጃውም የመሬት ሽቦ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር።

ቱቦ ሲያጥር በውኃ ቧንቧ ቁራጭ የሚቀጥሉም አሉ። የውኃ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ የበያጁን ጤና ይጎዳል፤ ማታ በትኩሳትና በብርድ ያንቀጠቅጠዋል። ተራ ጥቁር ቱቦ ፈልጉ።

የድሮውን ጋስኬት መልሶ ማስገባት

ቱቦው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀለበት የምትመስል ጋስኬት አለች። ስትጠብቅ ተጨፍልቃ ነው ቦታዋን የምትይዘው። አንዴ ከተጨፈለቀች ሁለተኛ ጊዜ እኩል አትቀመጥም። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ አዲስ አስገቡ።

እዚያ የሚያፈስ ሞተር ጠዋት ሲነሳ "ጥክ ጥክ" ይላል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስትቀንሱ ደግሞ ከኋላ ይተኩሳል፣ ከውጭ አየር ስለሚስብ። ብዙ ሰው ይህን የካርቡራተር ችግር ነው ብሎ ካርቡራተሩን ሲነካካ ይውላል። መጀመሪያ ቴስታታው ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር መኖሩን እዩ። ሞተሩ ሳይሞቅ የሳሙና ውኃ መገናኛው ላይ አፍስሱ፣ አስነሱት፣ አረፋ ካወጣ አገኛችሁት።

ሁለቱ ዳዶዎች በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ቱቦውን ያጣምመዋል። ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ የዛገ ዳዶ በጉልበት ሲፈታ ብሎኑ እዚያው ይሰበራል፣ ከዚያ ወጪው ከማርሚታው ይበልጣል። ከሥራው በፊት ባለው ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጡት።

ቅደም ተከተሉም ቁም ነገር ነው። ሁሉም ላላ ብሎ ይያዝ። ከዚያ መጀመሪያ የቴስታታው፣ ቀጥሎ ፋሼታው፣ መጨረሻ ላይ የኋላው ማሰሪያ ይጥበቅ። ከኋላ የጀመረ ቱቦውን ጎትቶ ነው የሚያስረው፤ ያ ቱቦ ከጊዜ በኋላ ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ ተመልሳችሁ አጥብቁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እዚህ በትክክል ይሠራል።

የኋላው ማሰሪያ ላይ ጎሚኒ (ንዝረት የሚቀንስ ጎማ) ይኑር። ብረት በብረት የታሰረ ማርሚታ በኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ጆሮው ይቆረጣል።

ቆሞ ስለተስማማ ብቻ "ገባ" ማለት

ሞተር ቆሞ ሌላ ነው፣ ተጭኖ ሌላ ነው። ሁለት ሰው ወይም አንድ ጆንያ ቡና ሲጫን የኋላው ሞላ ይወርዳል፣ ጎማውን የያዘው ክንድም ወደ ላይ ይመጣል። ባዶውን ጣት የሚያስገባው ክፍተት ያኔ ይጠፋል። ሁለት ከበድ ያሉ ሰዎች አስቀምጣችሁ ሦስተኛው ሰው ጎንበስ ብሎ ይይ፦ ማርሚታው ጎማውን፣ የፍሬን ዘንጉን፣ ሞላውን ይነካል? ከበሮ ፍሬን ባላቸው ብዙ ሞተሮች የፍሬኑ ፔዳልና ዘንግ ማርሚታው ባለበት በቀኝ በኩል ናቸው። ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ሞክሩት።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ ማንም አያያቸውም።

የመጀመሪያው መሃል መቆሚያው ነው። ብዙ ሞተሮች ላይ መሃል መቆሚያው ሲታጠፍ የሚያርፈው ኦሪጅናሉ ማርሚታ ላይ ባለች ትንሽ የጎማ መደገፊያ ላይ ነው። ማርሚታው ሲቀየር መደገፊያዋ አብራ ትሄዳለች። መቆሚያው ከልክ በላይ ይወጣና ሰንሰለቱን ወይም ጎማውን ይመታል። ፍሬም ላይ አንዲት ማቆሚያ ማስበየድ ይበቃል፣ ግን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የኋላ ጎማ ዘንግ ነው። አዲሱ ማርሚታ ዝቅ ብሎ ወይም ረዝሞ የዘንጉን ዳዶ ከሸፈነው ጎማ ለማውጣት ማርሚታ መፍታት የግድ ይሆናል። ዴዶ ዳገት ላይ፣ በዝናብ፣ ጎማ ፈንድቶ ይህን ማወቅ ከባድ ነው። ገና ጋራዥ እያላችሁ ቁልፉ ዳዶው ላይ ገብቶ መዞሩን ሞክሩ። የሰንሰለት ማስተካከያውንም እንዲሁ።

ለተሳፋሪም አስቡ። የእግር መርገጫው አጠገብ ሽፋን የሌለው ማርሚታ ባት ያቃጥላል፣ ረጅም ቀሚስም የናይለን ዝናብ ልብስም ይይዛል። ከኦሪጅናሉ ላይ መከላከያውን ፈታችሁ አዲሱ ላይ አስሩት።

ካርቡራተሩን መርሳት፣ ወይም በጭፍን መነካካት

ጭስ በቀላሉ የሚያሳልፍ ማርሚታ ሲገባ ኢንጂኑ የሚስበው አየር ሊጨምር ይችላል። ቤንዚኑ በዚያው ከቀረ ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ኢንጂኑን ያግለዋል፣ ዳገት ላይ ያደክመዋል፣ ቆይቶም ፒስተንና ቫልቭ ያበላሻል። በተቃራኒው የሚያፍን ማርሚታ ከገባ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ብክነት ይመጣል።

የጅማ ከፍታ ስሌቱ ውስጥ ይገባል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራተር እዚህ ቀድሞውኑ ቤንዚን ይበዛበታል። "ማርሚታ ከቀየርክ ጂግለሩን (የካርቡራተሩን የቤንዚን ማሳለፊያ) በሁለት ቁጥር አሳድገው" የሚለው ኢንተርኔት ላይ የሞላ ምክር ሌላ ቦታ ላለ ሰው የተሰጠ ነው። ጅማ ላይ ተጨማሪው አየር ያንን ትርፍ ቤንዚን ሊያመጣጥነው ይችላል፣ ምንም መንካትም ላያስፈልግ ይችላል።

ዳኛው ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) ነው። ሰው ጭናችሁ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣውን ዳገት ነዳጅ ሰጥታችሁ ውጡ። ላይ ስትደርሱ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ ቆሞ ሲዞር) ሳታቆዩ ወዲያው አጥፉት። ሲበርድ ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ ላይ ያለው ነጩ ሸክላ የማኪያቶ መልክ ከያዘ ደህና ነው። ወረቀት መስሎ ከነጣ ሳስቷል፣ የካርቡራተሩን መርፌ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ በዝቷል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ደግማችሁ ውጡ።

ጅማ ላይ ጫፍ ድረስ አሳስታችሁ አታስተካክሉት። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ በጣም ዝቅ ይላል፣ አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁም ይበልጥ ይሳሳል። ያውም በሙቀት፣ ነዳጅ እየሰጣችሁ።

ካርቡራተር በሌላቸው በኢንጀክሽን በሚሠሩ አዳዲስ ሞተሮች ቱቦው ላይ ኦክስጅን ሴንሰር አለ። ከቦታው አታንሱት፣ አትድፈኑት። ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ካለ ከውጭ የገባው አየር ያሳስተዋል፣ ኮምፒዩተሩም ቤንዚን ይጨምራል።

የውስጥ ማፈኛውን ማውጣት

የማርሚታውን የውስጥ ማፈኛ አውጥተው ባዶውን የሚነዱ አሉ። ጩኸት ጉልበት ይመስላል። በትንሽ ኢንጂን ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከታች ያለው ጉልበት ነው የሚጠፋው፤ ጭነት ይዞ ከቆመበት ለመነሳት የሚያስፈልገው ያ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ቀኑን ሙሉ ላዩ ላይ የሚውለው የነጂው ጆሮ አለ። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ አይመለስም። በሆስፒታል አጠገብ ስታልፉ ውስጥ የተኙ በሽተኞችም አሉ። እባካችሁ ማፈኛውን ተዉት።

የውኃ ቀዳዳውን መድፈን

ማርሚታው ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ካያችሁ "ተበስቷል" ብላችሁ አታስበይዱ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይፈጠራል። አብዛኛው ተንኖ ይወጣል፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አጭር አጭር መንገድ ከተነዳ ግን እዚያው ይጠራቀማል። ማርሚታ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚዝገው በዚህ ነው። አዲሱ ማርሚታ ቀዳዳ ከሌለው ወይም ተዘዋውሮ ስለታሰረ ቀዳዳው ወደ ላይ ከሆነ፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ በሦስት ሚሊሜትር መሰርሰሪያ አንድ አስበሱ። በክረምት ጭቃ ይደፍነዋልና ሞተሩን ባጠባችሁ ቁጥር ሽቦ አስገብታችሁ ጥረጉት።