ሁሉም ትእዛዝ የሚጨምርበት የቻት ቦት በጋራ ሰርቨር ላይ እንዴት እንደሚሠራ

አራት ኪሎ አንድ ፎቅ ላይ በምንከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሰርቨራችን እሱ ነው። ዴቢያን ሊኑክስ ተጭኖበታል፤ አሥራ ስምንት ሰው አካውንት አለው፤ ሁላችንም በኤስኤስኤች (ከሌላ ማሽን በተርሚናል መግቢያው) እየገባን አንዱን ማሽን እንካፈላለን። ሰርቨር ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙ ካላችሁ ተዉት፤ ባትሪው ገና የሚይዝ አሮጌ ላፕቶፕ ግዙ። መብራት ሲጠፋ ሌላው ዩፒኤስ ይፈልጋል፣ እሱ ግን ይዞት መጥቷል።

ማሽኑ ላይ በአይአርሲ (በአሮጌው የጽሑፍ ቻት ፕሮቶኮል) የምናወራበት ቻናል አለ፤ ቻናሉ ውስጥ ደግሞ ቦት አለ፣ ትእዛዝ ስንጽፍለት መልስ የሚመልስ ፕሮግራም። እኔ የጻፍኩት የቦቱን መቶ ሃምሳ መስመር ያህል ብቻ ነው። ቀኑን ከፈረንጅ ወደ ሐበሻ የሚቀይረውን፣ ቁጥር በግዕዝ የሚጽፈውን፣ ዛሬ ጾም ይሁን አይሁን የሚናገረውን የጨመሩት ሌሎች ናቸው። እኔን ሳያስፈቅዱ፣ ቦቱም ሳይጠፋና ሳይነሣ። የቦት አሠራር ሁሉም ቦታ አለ፤ እዚህ የምጽፈው ሰው ሁሉ እጁን የሚያስገባበት ቦት ሳይፈርስ እንዴት እንደሚቆም ነው። የተርሚናል ቃላቱን እንደምንጠራቸው እጽፋቸዋለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ምቷቸው።

ቴሌግራም እያለ ለምን ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቦትፋዘር ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ሁለት ጥያቄ መልሳችሁ ቶክን፣ ማለትም የቦታችሁን ቁልፍ፣ ትቀበላላችሁ፣ በግማሽ ሰዓት ቦት አላችሁ። ግን ቶክኑ የአንድ ሰው ነው፤ ሌላው ትእዛዝ ለመጨመር ያንን ሰው መለመን አለበት። ደግሞም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌግራም አብሮ ይሄዳል፤ የእኛ ቻናል ግን በክፍሉ ዋይፋይ ላይ ወሬውን ይቀጥላል።

ሰርቨሩና ቻናሉ

ኤንጂ አይአርሲዲ የሚባለውን የአይአርሲ ሰርቨር በአፕት (በዴቢያን ፕሮግራም መጫኛ) ጫኑ፤ ለአሥራ ስምንት ሰው ከበቂ በላይ ነው። ሎካልሆስት ላይ ብቻ (ከራሱ ከማሽኑ ለሚመጣ ብቻ)፣ በ6667 ፖርት እንዲያዳምጥ አድርጉ። ሰዉ በኤስኤስኤች ገብቶ በዊቻት፣ በተርሚናል የቻት ፕሮግራም፣ ይገናኛል፤ ለቻቱ ከውጭ የሚከፈት ሌላ በር የለም። ለቦቱ የራሱን ዩዘር ፍጠሩ። በእናንተ አካውንት አታስኪዱት፤ ሁሉን በሚችለው አካውንት፣ በሩትማ ጭራሽ አይታሰብም።

ቦቱን ማገናኘት

አይአርሲ እ.ኤ.አ. በ1988 ፊንላንድ ውስጥ የተወለደ ሽማግሌ ነው፤ ጠባዩ ቀላል ስለሆነ ላይብረሪ አያስፈልገውም። በፓይተን ሶኬት (ከሰርቨሩ ጋር የመገናኛ መስመር) ክፈቱ፤ ኒክና ዩዘር የሚሉትን ሁለት መስመሮች ላኩ፤ 001 የሚል መልስ እስኪመጣ ጠብቁ፤ ከዚያ ጆይን በሉ። ሰርቨሩ ፒንግ ሲል ፖንግ ማለት አትርሱ፣ አለዚያ የሞተ መስሎት ያባርረዋል።

እዚህ ጋ ለእኛ ብቻ የተቀመጠች ወጥመድ አለች። ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 9 ባይት ነው፤ «እንዴት ናችሁ» ከነክፍተቱ 22። ከሶኬት የሚመጣው ነገር ደግሞ በመስመር ተለክቶ አይመጣም፤ እንደ ቧንቧ ውሃ ነው፣ የትም ሊቆረጥ ይችላል። የእኔ ቦት የመጣውን ወዲያው ወደ ጽሑፍ ይቀይር ነበር። በእንግሊዝኛ ስሞክረው ሳምንት ሙሉ ሠራ። ሰዉ በአማርኛ ማውራት ሲጀምር በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይወድቅ ጀመር፤ ምክንያቱም ቁርጡ አንዳንዴ የ«ላ» ሁለተኛ ባይት ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ፦ የመጣውን ባይት እንደ ባይት አጠራቅሙ፣ የመስመር መጨረሻው ሲመጣ ቁረጡ፣ ወደ ፊደል የምትቀይሩት ከዚያ በኋላ ብቻ ይሁን።

ትእዛዞቹ የት ይቀመጡ

ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ፎልደር አለ፤ ውስጡ ያለ እያንዳንዱ ፋይል አንድ ትእዛዝ ነው። ሰው «!ቀን» ሲል ቦቱ «ቀን» የሚባል ፋይል ፈልጎ ያስኬዳል፣ ያተመውን ወደ ቻናሉ ይመልሳል። በፓይተን ይጻፍ፣ በባሽ ይጻፍ፣ በፐርል ይጻፍ ቦቱ ግድ የለውም። የመጀመሪያው መስመር ኮዱን የሚያስኬደውን ኢንተርፕሪተር ይጥራ፣ የፋይሉ ፈቃድ 755 ይሁን (ባለቤቱ ብቻ ይጽፍበታል፣ ሌላው ያነበዋል፣ ያስኬደዋል)፣ በቃ።

መጀመሪያ ፎልደሩን 777፣ ለሁሉም ክፍት፣ አደረግሁት። ሁሉም እንዲጽፍበት አይደል የምንፈልገው? በሁለተኛው ቀን የአንዱ ልጅ ፋይል ጠፋ። ያጠፋው ሰው ክፉ አልነበረም፤ «ሙከራ» የሚል ስም ያለው ፋይል ሁሉ የራሱ መስሎት ጠራርጎት ነው። ዩኒክስ ላይ ፋይል ማጥፋት በፋይሉ ፈቃድ ሳይሆን በፎልደሩ ፈቃድ ነው የሚወሰነው፤ ፎልደሩ ላይ መጻፍ ከቻልኩ የእናንተን ፋይል ማንበብ እንኳ ባልችል ላጠፋው እችላለሁ። ስለዚህ ከፊቱ 1 ጨምሩበት፦ 1777። ሁሉም ይጨምራል፣ የሚያጠፋው ግን የፋይሉ ባለቤት፣ የፎልደሩ ባለቤት ወይም ሩት ብቻ ነው። የሲስተሙ የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደርም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

የሰውን ስክሪፕት ማስኬድ

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው፤ ሁለት ጊዜ አቃጥሎኛል።

የመጀመሪያው ቃጠሎ። ሰው የጻፈውን ከትእዛዙ ስም ጋር በአንድ ሕብረቁምፊ አያይዤ ለሼል፣ የተጻፈለትን ትእዛዝ ለሚያስኬደው ፕሮግራም፣ እሰጥ ነበር። አጭር ነው፣ አንድ መስመር ኮድ ነው፣ ሁሉም ጀማሪ የሚያደርገው ነው። አንድ ማታ አንዱ ጓደኛችን «!ቀን» ብሎ ሴሚኮለን አደረገ፣ ከኋላው ፋይል የሚያጠፋውን አርኤም ጻፈ። «አይሠራም ብዬ ነው» ይላል እስከ ዛሬ። ሠራ። ሼል ሴሚኮለን ሲያይ አንዱን ትእዛዝ ጨርሶ ሌላውን ይጀምራላ! የቦቱ ሆም ፎልደር ከነኮዱ ባዶ ሆነ። ባክአፕ አልነበረኝም። ልጁ የማኪያቶ ዕዳውን ገና እየከፈለ ነው፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ስለዚህ፦ በፓይተን ሰብፕሮሰስ ስትጠሩ የሼሉን አማራጭ አትክፈቱ፤ የፋይሉን ስም በዝርዝር መልክ ስጡ፤ ሰው የጻፈውን ደግሞ በትእዛዝ መስመር ላይ ጭራሽ አታምጡት፣ በስታንዳርድ ኢንፑት አስገቡት። የእኛ ስምምነት አንደኛው መስመር የጠያቂው ስም፣ ሁለተኛው መስመር የተጻፈው ነገር ነው። የፋይሉንም ስም ፈትሹ፦ ነጥብ ወይም ስላሽ ያለበት ስም አይጠራም፣ አለዚያ ሰው ከፎልደሩ ወጥቶ ሌላ ነገር ያስነሣል።

ሁለተኛው ቃጠሎ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ስክሪፕቶቹ በሙሉ የሚሮጡት በቦቱ ዩዘር ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ የቦቱ ዩዘር ማንበብ የሚችለውን ሁሉ፣ የቦቱን ፓስወርድ ጨምሮ፣ ትእዛዝ የጨመረ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ቦቱንም መግደል ይችላል። አንዱ ስክሪፕት ማለቂያ የሌለው ሉፕ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማን እንደጻፈው ከፕሮሰስ ዝርዝሩ አይታወቅም፤ ሁሉም «ቦት» ይላል። እያንዳንዱ ስክሪፕት በጻፈው ሰው ስም መሮጥ አለበት።

ፋይልን በባለቤቱ ስም የሚያስሮጠውን የፈቃድ ምልክት፣ ሴትዩአይዲ ቢትን፣ ላድርግ ብዬ አንድ ምሽት ጨረስኩ። እናንተ አትድከሙ፤ ሊኑክስ በኢንተርፕሪተር የሚሄዱ ስክሪፕቶች ላይ ያቺን ቢት አይቶ እንዳላየ ያልፋታል። የሠራልኝ በሌላ ዩዘር ስም ትእዛዝ የሚያስኬደው ሱዶ ነው። አባላቱን በሙሉ አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቡ። «አስፈጻሚ» የምትባል አጭር ፕሮግራም ጻፉና የሩት ንብረት አድርጓት። ከዚያ በቪሱዶ፣ የሱዶን ሕግ ፋይል ፈትሾ በሚያስቀምጠው ኤዲተር፣ አንድ መስመር ጨምሩ፦ የቦቱ ዩዘር፣ የዚያን ግሩፕ ሰዎች ሆኖ፣ ያለ ፓስወርድ፣ ያቺን አንድ ፕሮግራም ብቻ ማስኬድ ይችላል። ሩት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በቪሱዶ ያልኩት ሳላስብ አይደለም፤ ፋይሉን በተራ ኤዲተር ከፍታችሁ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብታበላሹ ሱዶ ለሁሉም ሰው ሊዘጋ ይችላል።

አስፈጻሚዋ ስትነሣ ቦቱን አትመን። ራሷ ትፈትሽ፦ ፋይሉ የትእዛዝ ፎልደሩ ውስጥ ነው? ባለቤቱ አሁን የምሮጥበት ሰው ነው? አቋራጭ ሊንክ ሳይሆን እውነተኛ ፋይል ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ከባለቤቱ ሌላ ሰው ሊጽፍበት ይችላል? ከቻለ አታስኪደው። ፋይሉን 777 ያደረገ ሰው ስሙን ለመንደሩ አውሷል ማለት ነው፤ ሌላው የፈለገውን ጽፎበት በእሱ ስም ያስሮጣል።

የጊዜ ገደቡም አስፈጻሚዋ ውስጥ ይሁን። እኔ ቦቱ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ 5 ሴኮንድ ሲያልፍ ቦቱ ሊገድል ይሞክራል፣ ሲስተሙ «ፈቃድ የለህም» ይለዋል። እውነቱን ነው፤ ፕሮሰሱ አሁን የሌላ ሰው ነው። ታይምአውት የሚባለውን ትእዛዝ በአስፈጻሚዋ በኩል ተጠቀሙ፤ ካልሞተ በግድ የሚገድለውን አማራጭ ጨምሩበት። ዩሊሚት በሚባለው ትእዛዝ የሜሞሪና የፕሮሰስ ብዛት ገደብ አድርጉ። የፕሮሰሱ ገደብ የሚቆጠረው በዩዘር ስለሆነ፣ ራሱን የሚያባዛ ስክሪፕት የጻፈ ሰው የሚታነቀው እሱ ራሱ ነው፤ እኛ ወሬያችንን እንቀጥላለን።

ቦቱን የሊኑክስን አገልግሎቶች በሚያስነሣው በሲስተምዲ አስነሡት፣ ሲወድቅ እንዲነሣ አድርጉት። ኖ ኒው ፕሪቪሌጅስ የምትለዋን ማጠንከሪያ ግን አታብሯት፤ ሱዶ ጭራሽ አይሠራም።

መልሱን መላክ

የአይአርሲ አንድ መስመር ከነመጨረሻ ምልክቱ ከ512 ባይት አይበልጥም፤ ሰርቨሩም የቦቱን ስምና አድራሻ ከፊት ይቀጥልበታል። ስለዚህ 400 ባይት ላይ አቁሙ። ለእኛ ይህ 133 ሆሄ ነው፣ አንድ መካከለኛ ዓረፍተ ነገር። በባይት ከቆረጣችሁ መጨረሻ ላይ ያቺ የጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር አልማዝ ትመጣለች፤ ቃል ላይ ቁረጡ። ከአንድ ትእዛዝ ከአራት መስመር በላይ አትቀበሉ፤ በመስመሮቹ መካከልም ቦቱ ይተንፍስ፣ ጎርፍ የሚለቅ ደንበኛ ይባረራል። መልሱን እንደ ተራ መልእክት ሳይሆን በኖቲስ ላኩት። ለኖቲስ ማሽን እንዳይመልስ የፕሮቶኮሉ ሕግ ነው፤ አንድ ቀን ሁለተኛ ቦት ቻናሉ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ እስከ ንጋት ሲጨዋወቱ እንዳታገኟቸው።

ጾም ነው ፆም?

የጾሙን ትእዛዝ የጻፈው ልጅ ፋይሉን «ጾም» አለው። ግማሹ ሰው «!ፆም» ይጽፋል፣ ቦቱ ዝም ይላል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ፋይሉን በሁለት ስም መገልበጥ አያዋጣም፣ «ዓመት»ም «አመት»ም ይመጣሉና። የፋይሉንም የሰዉንም ጽሑፍ ከማወዳደራችሁ በፊት ወደ አንድ መልክ አምጡ፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ዩኒኮድ ላይ ፊደሎቹ በቤተሰብ ስለተደረደሩ ሰንጠረዥ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከፀ ቤት 8 ስትቀንሱ ጸ ቤት ትገባላችሁ፣ ከሐ 16 ስትቀንሱ ሀ፣ ከኀ 128 ስትቀንሱ ሀ፣ ከዐ 48 ስትቀንሱ አ፤ ሠ ላይ ደግሞ 16 ስትደምሩ ሰ። ሀና ሃ፣ አና ኣ የሚምታቱትንም አንድ አድርጓቸው። ምሁራኑ ይቅር ይበሉኝ፣ የምናቀልጠው ለማወዳደር ብቻ ነው፤ ለሰው የሚታየው ጽሑፍ እንዳለ ይቀራል።

የሰውን ፋይል ባለቤቱ ብቻ ይንካ የሚለውን ሕጋችንን የፈተነውም ያው የጾም ትእዛዝ ነው። ልጁ ረቡዕና ዓርብን አስገብቷል፣ ዐቢይ ጾምን በባሕረ ሐሳብ አስልቶ አስገብቷል፣ በዓለ ሃምሳን ግን ረስቷል። ፋሲካ አልፎ በመጀመሪያው ረቡዕ አንዱ ምሳ ሰዓት ላይ ጠየቀ፤ ቦቱ «ጾም ነው» አለ። እሱም የትናንቱን ዶሮ ትቶ ሽሮ አዘዘ። ማታ እናቱ ሲሰሙ ሳቁበት። ስሕተቱን ሁላችንም አየነው፣ ማረሚያውም ሁለት መስመር ነበር፤ ግን ፋይሉ የልጁ ነው፣ ልጁ ለበዓል ጎንደር ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም። ሩት አለኝና ገብቼ ላስተካክል ብዬ ነበር፤ ትቼዋለሁ። አንዷ አባል ፋይሉን ወደ ራሷ ስም ገልብጣ፣ ሁለቱን መስመር ጨምራ፣ «ጾም2» ብላ አስቀመጠችው። ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ የራሱን አርሟል። እስከ ዛሬ ሁለቱም አሉ፤ ሰዉ የሚጠራው ጾም2ን ነው።