«ወላጅ አምጣ!» ከማለታችን በፊት፦ የሚያስቸግር ተማሪን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንቅጣ?

የደሴ ጉም ገና ከጦሳ ተራራ ላይ ሳይወርድ የትምህርት ቤት በር ላይ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ የሚቆም ዩኒት ሊደር፣ የተማሪ ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው መምህር፣ አለ አይደል? ለጥቂት ዓመታት እሱ እኔ ነበርኩ። ያረፈደውን፣ ዩኒፎርም ያልለበሰውን፣ ትናንት የፎረፈውን እየለቀምኩ በግራ በኩል አቆማለሁ። ለሁሉም መድኃኒቴ አንድ ነው፦ «ወላጅ አምጣ!»

አንድ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «አጎቴ» ያለውን ሰውዬ ይዞ መጣ። ሰውዬው ጎበዝ ነው። ልጁን ተቆጣ፣ ጆሮውን ሊይዝ ቃጣው፣ ለእኔም «አብሽር ቲቸር፣ ሁለተኛ አይለምደውም» አለኝ። ጉዱ የፈላው ልጁን ስሙን ሲጠራው ነው። የሌላ ሰው ስም ጠራው! ለካ ፒያሳ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ የተከራየ የባጃጅ ሹፌር ኖሯል።

ሳቅን፣ ተቆጣን፣ አለፈ። በኋላ ሳስበው ግን የልጁ ጥፋት ሦስት ቀን ማርፈድ ብቻ ነበር። ለማርፈድ ወላጅ ካስጠራሁ ነገ ቢደባደብ ማንን ላስጠራ ነው? ደረጃ በደረጃ መቅጣት የሚባለው ነገር ይሄንኑ ለመመለስ ነው። ትንሿ ጥፋት በትንሹ ትታረማለች፣ ከተደጋገመች ቅጣቱ አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ልጁም ቀጥሎ የሚመጣውን ቀድሞ ያውቃል።

አንድ። ደንቡን መስከረም ላይ ጨርሱት

አራት ወይም አምስት ደንብ ይበቃል። «ሥነ ሥርዓት ይኑርህ» ደንብ አይደለም፣ ምክር ነው። «ከ2 ሰዓት ደወል በኋላ የመጣ ስሙ ይመዘገባል» ግን ደንብ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ሲያወጡት ደግሞ ይብሳሉ፣ አንዳንዴ እኛን የሚያስደነግጥ ቅጣት ያመጣሉና ማለዘቡ የእናንተ ሥራ ነው። ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ለወላጅም ስጡት።

እዚሁ ላይ ከወረቀቱ የሚወጣውም ይነገር። አርጩሜ፣ ኩርኩም፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ የለም። ይሄ የእኔ ርኅራኄ አይደለም፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ናቸው ብሎ ደንግጓል። «እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ተገርፌያለሁ፤ ያስታወስኩት ግን የገረፈኝን ሰው እንጂ የተገረፍኩበትን ምክንያት አይደለም።

ሁለት። በቃል፣ ለብቻው

መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ማስተማሩን ሳታቋርጡ ወደ ዴስኩ ጠጋ በሉ። አብዛኛው ሹክሹክታ እዚያው ይሞታል። ካልሞተ ከክፍለ ጊዜው በኋላ አስቀሩትና አጭር አድርጋችሁ ንገሩት፦ «ዛሬ ሁለቴ አቋረጥከኝ። ምን ሆነህ ነው? ነገ እንዳይደገም።» በቃ። ታሪክ አትቁጠሩ፣ ወንድሙንም አታንሱ። ስልሳ ልጅ ፊት የተዋረደ ልጅ ስለ ጥፋቱ አያስብም፣ እንዴት እንደሚመልስላችሁ ነው የሚያስበው።

ሦስት። ጻፉት

ብዙ መምህር የሚዘለው ይሄንን ነው፣ እኔም እዘለው ነበር። አንድ ተራ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ የሆነው ነገር፣ ያደረጋችሁት ነገር፣ ልጁ ያለው። «ባለጌ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፣ «መምህር ሲጠይቀው ደብተሩን ወርውሮ ወጣ» ብላችሁ ጻፉ። የክፍል አለቃው ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው የረባሽ ስም ዝርዝር ደግሞ መዝገብ አይደለም፤ ጠበኛውን የሚጨምርበት፣ ጓደኛውን የሚያጠፋበት ነው።

የመዝገብ ጥቅሙ የገባኝ ያንን ባለ አጎቱን ልጅ በደብተር መያዝ ስጀምር ነው። አንድ ወር ሞልቶ ገጹን ስገልጥ፣ አረፈደ፣ አረፈደ፣ አረፈደ ይላል። ከጎኑ ያለውን ቀን አየሁት። ሰኞ። ሰኞ። አሁንም ሰኞ። ሌላ ቀን በሰዓቱ ነው የሚገባው። ጠራሁትና «ሰኞ ሰኞ ምን አለ?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ ቆየና «እናቴ ሽንኩርት ትሸጣለች። ጆንያውን ሰኞ ገበያ አድርሼላት ነው የምመጣው» አለኝ። ወላጅ አምጣ ያልነው እንግዲህ ይሄንን ልጅ ነው! እናቱ በገበያ ቀን ሥራ ፈታ እኛን እንዳታናግር ብሎ አጎት ተከራየ። የሰኞን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምረውን መምህር አናገርን፣ ልጁ ሃያ ደቂቃ ቢዘገይ እንዲያስገባው፣ ያመለጠውን በዕረፍት ሰዓት እንዲጽፍ ተስማማን። ቅጣት የሚባል ነገር አላስፈለገም።

አራት። ቅጣቱ ጥፋቱን ይምሰል

ዴስክ ላይ የጻፈ ዴስኩን ያጽዳ። ወንበር የሰበረ ሲጠገን ቆሞ ያግዝ። የሰደበ፣ የተሰደበው ልጅ ከፈቀደ ይቅርታ ይጠይቅ። ሽንት ቤት ማሳጠብ ግን ከየትኛው ጥፋት ጋር እንደሚገናኝ እስካሁን አልገባኝም። አንዱ ባፏጨ ክፍሉን በሙሉ ፀሐይ ላይ ማቆምም እንዲሁ ነው፣ ያላጠፉት ሃምሳ ዘጠኙ ከአጥፊው ጋር ያብሩባችኋል።

በር መዝጋትም ላይ አንድ ነገር ልበል። ያረፈደን ልጅ ውጭ ስትተዉት ቤቱ አይመለስም። ፑል ቤት ነው የሚገባው።

አምስት። አሁን ወላጅ

ሦስቱን ሞክራችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ካልተለወጠ ወላጅ ይጠራል። መልእክቱን በልጁ አትላኩ፣ ምዝገባ ላይ በተሞላው ስልክ ራሳችሁ ደውሉ። ሰዓት ሲመረጥ ሰው ሁኑ፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በሺፍት የምትሠራን እናት «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይምጡ» ማለት ደመወዟን መቁረጥ ነው። ከሥራ ስትወጣ ወይም ከመግባቷ በፊት ይሁን፣ ካልሆነም በስልክ ጨርሱት።

ስትገናኙ ከልጁ አንድ እውነተኛ መልካም ነገር ጀምሩ። ከዚያ ደብተሩን ግለጡ። «እናቴ፣ ይሄው በዚህ ቀን ይሄ ሆነ፣ እኛ ደግሞ ይሄንን አደረግን።» ወላጅ ወረቀት ሲያይ ክርክር አይገጥምም። ቃል ስታስፈርሙ ልጁ ብቻ አይፈርም፤ ትምህርት ቤቱም የሚያደርገው ነገር ይጻፍ፣ ለምሳሌ መቀመጫውን መቀየር ወይም በየሳምንቱ ዓርብ አምስት ደቂቃ ማነጋገር።

ስድስት። ኮሚቴና እገዳ

እዚህ የሚደርሰው ጥቂት ልጅ ነው። ልጁ በራሱ አንደበት ይናገር፣ ወላጁ ይኑር፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ ቅር ያለው የት አቤት እንደሚል ይነገረው። የቀኑን ብዛት የትምህርት ቤታችሁ መተዳደሪያ ደንብ ይወስነዋል። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የፎረፈን ልጅ በእገዳ አትቅጡ። ሲሸሽ የነበረውን ነገር በማኅተም መስጠት ነው።

ደረጃ የማይጠበቅበት

ስለት ይዞ የመጣ፣ ሰው ያቆሰለ፣ ሴት ተማሪ ላይ ጥቃት የፈጸመ በቃል ማስጠንቀቂያ አይጀመርም። የዚያኑ ዕለት ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ወደ ወላጅና ወደ ፖሊስ ነው። ወሎ ሽምግልና ያውቃል፣ አበጋር የምንላቸው ሽማግሌዎቻችን ደም ያስታርቃሉ፣ የሁለት ልጆችን ቡጢም ሽማግሌ ቢጨርሰው ደስ ይለኛል። በልጅቷ ላይ የደረሰን ጥቃት ግን ሽማግሌ ልኮ በይቅርታ መዝጋት ሌላ በደል ነው፣ ማንም ቢለምናችሁ እሺ እንዳትሉ።

ሲመለስ

የታገደ ልጅ የተመለሰበት ጠዋት ከእገዳው በላይ ያሳስበኛል። በር ላይ «መጣህ ደግሞ?» የሚለው ሰው ካጋጠመው የለፋችሁበት ሁሉ ገደል ገባ። ዘበኛውን ቀድማችሁ ንገሩት። የሚቀበለው አንድ መምህር ይመደብ፣ ያመለጠውን ኖት የሚያውሰው ጎበዝ ተማሪም ከጎኑ ይቀመጥ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲገባ ደብተራችሁ ላይ ለስሙ አዲስ ገጽ ክፈቱለት፣ አሮጌውን ገጽ ደግሞ ለልጁ አሳዩትና ስታጥፉት ይይ።