ያ ትልቁ ነገር ደብል ቤዝ ላይሆን ይችላል

ፊልም እያየሁ ደብል ቤዝ፣ ያን ድምፀ ወፍራም ትልቅ የክር መሣሪያ፣ ማደን ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ደብተር አለኝ። የፊልሙ ስም፣ ዓመቱ፣ ደቂቃው፣ ተጫዋቹ። ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ እኔ ይህን። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በዚሁ ልክፍት ተለክፎ የመጀመሪያ ዝርዝሩን ላከልኝ። አሥራ አንድ ፊልም። ከአሥራ አንዱ አራቱ ላይ ያለው ቼሎ ነው፤ ደብል ቤዝን የሚመስል፣ ግን የሚያንስ መሣሪያ። አራት!

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ።

ቼሎ ተጫዋች ተቀምጦ መሣሪያውን በጉልበቶቹ መሀል ያደርገዋል። ደብል ቤዝ ተጫዋች ወይ ይቆማል፣ ወይ ረጅም በርጩማ ጫፍ ላይ ቂጡን አስደግፎ ይጫወታል። ቼሎ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። ደብል ቤዝ 1 ሜትር ከ80 አካባቢ፣ ቁመተ ረጅም ሰው ያህላል። ትከሻውን እዩ። የቼሎ ትከሻ ክብ ነው። የአብዛኛው ደብል ቤዝ ትከሻ ግን እንደ ጠርሙስ እየጠበበ ወደ አንገቱ ይወጣል። ካሜራው የመሣሪያው ራስ ጋ ከደረሰማ ክርክሩ አለቀ፦ የቼሎ መቃኛ እንጨት ነው፣ የደብል ቤዝ ደግሞ ጥርስ ያለው ብረት። ያን ወፍራም ክር በእንጨት ወጥሮ ለማቆም መሞከር እጅ ይልጣል።

ወዳጄ ከላካቸው አንዱ የ1987ቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም «ዘ ሊቪንግ ዴይላይትስ» ነው። ቦንድና ልጅቷ የመሣሪያው ሣጥን ላይ ተቀምጠው በረዶውን ቁልቁል የሚንሸራተቱበት። ልጅቷ ቼሎ ተጫዋች ናት! ፊልሙ ራሱ በግልጽ ይናገራል እኮ። የደብል ቤዝ ሣጥን ቢሆን ኖሮ የሚያሳድዷቸውን ወታደሮችም ጭነው ይወርዱ ነበር። ሁለተኛው የ1955ቱ «ዘ ሌዲኪለርስ» ነው። ሌቦቹ ሙዚቀኛ መስለው ይዘውት የሚዞሩት ትልቁ ሣጥን የቼሎ ነው። ሣጥን ብቻ አይታችሁ አትጻፉ።

ክፉው ወጥመድ ግን የጃዝ ክለብ ነው። ጭስ አለ፣ ከበሮ አለ፣ ትልቅ የክር መሣሪያ አለ፤ ጀማሪው «ደብል ቤዝ!» ብሎ ይጽፋል። በ1957ቱ «ስዊት ስሜል ኦፍ ሰክሰስ» የሚታየው የቺኮ ሃሚልተን ቡድን ሁለቱንም ይዟል። ፍሬድ ካትዝ ቼሎውን፣ ካርሰን ስሚዝ ደብል ቤዙን። ወዳጄ የጻፈው ካትዝን ነበር። ስሚዝን ጭራሽ አላየውም!

እሺ፣ ተንፈስ ልበል። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የደብተሬ የመጀመሪያ መስመር «ሂችኮክ፣ 1947» ይል ነበር። አልፍሬድ ሂችኮክ በራሱ ፊልሞች ውስጥ ብቅ ብሎ መጥፋት ይወዳል። በ1947ቱ «ዘ ፓራዳይን ኬዝ» ይዞት የሚያልፈው የቼሎ ሣጥን ነው። ደብል ቤዙ የመጣው በ1951 «ስትሬንጀርስ ኦን ኤ ትሬን» ላይ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከባቡር ሲወርድ እሱ ተሸክሞት ሲሳፈር። ያቺን መስመር በቀይ ሰርዣታለሁ፤ ገጹን ግን አልቀደድኩትም።

ሌላው ስህተት ተዋናዩን ተጫዋች ብሎ መመዝገብ ነው። «ሳም ላይክ ኢት ሆት» (1959) ላይ ደብል ቤዙን የያዘው ጃክ ሌመን ነው። በእውነተኛው ሕይወቱ ሌመን የሚጫወተው ፒያኖ ነበር። ስለዚህ ሁለት ዓምድ አድርጉ፤ አንዱ «የያዘው»፣ ሌላው «የተጫወተው»። የያዘውን ብቻ ካወቃችሁ ሌላው ባዶ ይቅር። እውነተኛ ተጫዋች ሲመጣ ልባችሁ ይነግራችኋል። በ1958ቱ «አይ ዋንት ቱ ሊቭ!» ውስጥ ከጄሪ መሊገን ቡድን ጋር የሚታየው ሬድ ሚቼል ነው፤ እሱ ሁለቱም ዓምድ ላይ ይገባል።

ማስመሰሉን በእጅ ታውቃላችሁ። ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይገለብጠዋል። የግራ እጅ ወደ ታች፣ ወደ ብርኩማው በወረደ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። ወደ መሣሪያው ራስ በወጣ ቁጥር ይወፍራል። ድምፁ እየወጣ እጁ ሲወርድ አይታችሁ «አስመሳይ!» አትበሉ። የጃዝ ሰው ከሆነ ቀኝ እጁንም እዩ። ክሩን የሚስበው በጣቱ ጫፍ ሳይሆን በጣቱ ጎን ነው፤ አውራ ጣቱ ደግሞ አንገቱ ጠርዝ ላይ ያርፋል። በጫፍ እየነካካ እንደ ክራር የሚከረክር ካያችሁ ተዋናይ ነው።

በደጋን ጉዳይ እኔም አንድ ቀን ተዋርጃለሁ። የቪየና ኦርኬስትራ በቴሌቪዥን እያየን፣ ቤዞቹ በሙሉ ደጋኑን ከሥር እንደ መጋዝ ይዘውታል። «እነዚህ ለካሜራ የመጡ ናቸው» አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የሙዚቃ መምህር ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ የጀርመን አያያዝ ነው» አሉኝ። ለካ ሁለት ዓይነት አለ። የፈረንሳዩ ከላይ፣ እንደ ቼሎ ይያዛል። የጀርመኑ ከሥር። ቪየናና በርሊን በጀርመኑ ነው የሚጫወቱት። ከዚያ ወዲያ ደጋን አይቼ አፌን አልከፍትም።

ሌላ ስህተት፦ ፊልሙን ሳይጨርሱ ማጥፋት። «ራውንድ ሚድናይት» (1986) ላይ ፓሪስ ውስጥ ደብል ቤዝ ተጫዋቹን ፒየር ሚሸሎን አገኘሁና ረክቼ ዘጋሁት። ከወራት በኋላ እንደገና ሳየው፣ ታሪኩ ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ ሌላው ደብል ቤዝ ተጫዋች ሮን ካርተር ቆሟል! ያን ረጅም ሰው እንዴት ይስቱታል?

በጆሮ ብቻ መመዝገብ። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ የሆነውን የ«ሳይንፌልድ»ን መክፈቻ ሙዚቃ ሰምቶ «ቤዝ አለ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ጆናታን ዎልፍ በኪቦርድ የሠራው ነው። በ2005ቱ «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ስሰማ እኔም ከወንበሬ ዘልዬ ልጽፍ ነበር። ሙዚቃው ግን የሚመጣው መኪና ውስጥ ከሚከፈት ሲዲ ነው፤ የሚታይ ተጫዋች የለም። ደስታው ሌላ፣ ደብተሩ ሌላ።

በእኛ አገር ደግሞ «ቤዝ» ሲባል ሰው የሚያስበው ቤዝ ጊታር ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን ስም ጻፉ።

የታሪኩ ዘመን 1920ዎቹ ሆኖ የሚያብለጨልጭ የብረት ክር ካያችሁ ስህተቱ የፊልም ሠሪው እንጂ የእናንተ አይደለም፤ ያኔ ክሩ በአብዛኛው እንደ በገናችን ከበግ አንጀት ነበር። በጎን ማስታወሻ ያዙ።

ደቂቃውን ሳትጽፉ አትለፉ። በቃ።

ለወዳጄ የላክሁለት የመጀመሪያ የቤት ሥራ «ኦል ናይት ሎንግ» (1962) ነው። ቻርልስ ሚንገስ ራሱን ሆኖ ደብል ቤዙን ይዞ የሚታይበት፤ የሚሳሳቱበት ቦታ የለም። ትናንት ማታ ስለ ሌላ ፊልም ደወለልኝ። «ትከሻው ጠርሙስ ነው፣ መቃኛው ብረት ነው፣ ግን ሰውየው ተቀምጧል። ምን ልጻፍ?»

«በርጩማው ስንት ነው ቁመቱ?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ፊልሙን ወደ ኋላ ሲመልስ ይሰማኛል።